የድኻ አገር ልግስና



ድኻ አገር ለሌሎች ሊለግስ ይገባዋልን? በ1950 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ፈቀደች። በዚያው ዘመን በትግራይ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረኀብ አለቀ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ልግስናው ከረኀብተኛው አፍ የተነጠቀ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያን ሕዝብ የጨረሰው ለጥቂት እንግዶች የወጣው ቀለብ ሳይሆን፣ የረኀቡ ወሬ መታፈኑና ርዳታው መዘግየቱ ነበር። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች በበኩላቸው የነጻነት ትግሉን ክርክር ይዘው ገቡ፤ የአገሬውንም ተማሪ መንግሥትን ለመጠየቅ አነቃቁት። በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ በፎቶግራፍ ለአደባባይ ያበቁት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ለውጭ የሚወጣውን ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት፣ በቤት ውስጥ የተራበው ሰው ድምፁ ይሰማል ወይ ብለን እንጠይቅ። የሚሰማበት አገር ከጥቂቱም ቢሆን ይስጥ፤ የታፈነበት ግን እጁን ቢሰበስብም ወገኑን ከረኀብ አያድንም።