የፊደል ገበታ
ኅትመት በወረቀት፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ

መዋዕለ ሕፃናት በየሰፈሩ ሳይከፈት በፊት የትንንሽ ልጆች መዋያ የኔታ ዘንድ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በዛፍ ጥላ ሥር። የኔታ የመንግሥት ደመወዝ አልነበራቸውም። ወላጆች በየወሩ ጥቂት ሳንቲም፣ በገጠር ደግሞ እህል ያዋጡ ነበር።

ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት። የኔታ አንድ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸውና ቀድሞ የለየው ታናሹን ያስቆጥራል፤ ይህ የማስተማር ዘዴ ከተሰጠው በላይ ክብር ይገባዋል።

በከተማ በብዙ ልጆች እጅ የገባው የፊደል ገበታ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ኅትመት ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍቱም ብዙ ወላጆች ልጃቸውን መጀመሪያ ወደ የኔታ መላካቸውን አልተዉም።