ኢብን ሲናን ሒሳብ ያስተማረው አትክልት ሻጭ

ወላጆች ወደ መድረሳችን እየመጡ «ልጄ ሰነፈ፣ ጓደኞቹንም ይረብሻል» ይሉናል። ልጁ በእርግጥ ሰንፎ ነው ወይስ የሚማረው አልቆበት ነው ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። በዚህ ረገድ የአቡ ዐሊ ኢብን ሲና ልጅነት የሚያስተምረን አለ።

ኢብን ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (በ980 እ.ኤ.አ.) በቡኻራ አቅራቢያ በአፍሸና መንደር ተወለደ። የሕይወቱን ታሪክ ለደረሳው ለአል-ጁዝጃኒ እንደነገረው፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ቁርአንን ጨርሶ፣ ከአደብ ትምህርትም ብዙውን አጠናቆ ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ያደርጉታል? አባቱ የመንግሥት ሹም ነበር፤ ሆኖም ሹም ነኝ ሳይል ልጁን ወደ አንድ አትክልት ሻጭ ላከው። ሰውየው የሕንድን ሒሳብ፣ ማለትም ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚሠራበትን የአሥር ቁጥሮች ስሌት ያውቅ ነበርና። (ዛሬ ከመካከላችን ልጁን ለትምህርት ወደ ጉሊት የሚልክ ማን ይሆን?)

ቀጥሎም ናቲሊ የተባለ የፍልስፍና መምህር ቡኻራ ሲመጣ አባቱ እቤቱ አሳረፈው። ናቲሊ የልጁን አእምሮ እንዳየ፣ ከዕውቀት በቀር ሌላ ሥራ እንዳያስይዘው አባትየውን አስጠነቀቀው። ከኡቅሊዲስ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ አምስት ስድስት ያህል ሥዕሎችን አስረዳው፤ የቀረውን ልጁ ብቻውን ፈታው። የበጥሊሞስን የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አል-መጂስጢን ሲጀምሩማ፣ ራሱ አንብቦ እየፈታ እንዲያሳየው ነገረው። ኢብን ሲና እንደሚለው፣ መምህሩ እሱ እስኪያስረዳው ድረስ ያልገቡት ብዙ ነገሮች ነበሩ።

ይህን ታሪክ በወጣትነቴ አንብቤዋለሁ፤ ግን አልጠቀመኝም። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሉሑን ከሁሉ ቀድሞ ይጨርስና የጎረቤቱን ሉሕ ያጠፋ ነበር። እኔም ለቅጣት ያንኑ ትምህርት አሥር ጊዜ አስደገምኩት። በሳምንቱ ቀረ። እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሲመለስም ሁለት ሕፃናት ሰጥቼ አሊፍ ባ እንዲያስቀራቸው አደረግሁ። በእኛ አገር ሐሪማዎች ትልቁ ደረሳ ትንሹን ማስቀራቱ የቆየ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። ልጁ አሁን ሉሕ አያጠፋም፤ ይልቁንም አሊፍ ለምን ነጥብ እንደሌላት እየጠየቀ ያስቸግረኛል። ሰፈራችን ካለ አንድ ባለ ሱቅ ጋርም ተነጋግሬአለሁ፤ ሰውየው ደብተር ሳይገልጥ ሒሳብ የሚሠራ ነው።