ከላፕቶፕ ወደ ቲቪ ጌም ማስተላለፍ፦ ፓኬጅ ይበላል? ጆይስቲኩስ የት ነው የሚገናኘው?

«ጌሙን ከላፕቶፔ ወደ ቲቪ ባስተላልፍ ፓኬጄን ይጨርሰዋል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰናል። አጭሩ መልስ፦ አይጨርሰውም። ላፕቶፑና ቲቪው አንድ ራውተር ላይ እስካሉ ድረስ ጌሙ የሚመላለሰው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ዛሬ አሠራሩን፣ አጀማመሩን፣ የጆይስቲኩን ነገር እና ሲንቀራፈፍ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ይዘን መጥተናል። ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

🔹 እንዴት ነው የሚሰራው?

ጌሙ የሚሰራው ላፕቶፑ ላይ ነው። ወደ ቲቪው የሚሄደው ምስልና ድምፅ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ቪዲዮ። ጆይስቲኩን ስትጫኑ ትዕዛዙ በራውተሩ በኩል ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። ላፕቶፑ ምስሉን ሰርቶና አምቆ ይልካል፣ ቲቪው ተቀብሎ ያሳያል። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋገማል፤ ለአንድ ምስል ያለው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው መንገዱ ላይ ትንሽ መዘግየት ሲኖር ወዲያው የሚታወቃችሁ፤ «ሹት» ብላችሁ ተጫዋቹ ቆይቶ ይመታል።

🔹 ፓኬጅን በተመለከተ

ሙንላይት የሚባለው አፕ ለ1080ፒ ምስል (በሰከንድ 60) ሲጀመር የሚመርጠው ፍጥነት 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ሲሰላ በሰዓት እስከ 9 ጊጋባይት ማለት ነው። ከፓኬጅ የሚቆረጥ ቢሆን ማን ይችለው ነበር! ግን ዳታው ከራውተሩ ወደ ውጭ ስለማይወጣ አይቆጠርባችሁም።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኢንተርኔት የማይፈልግ ጌም በሙንላይት ከፍታችሁ እየተጫወታችሁ፣ የኢንተርኔት መስመሩን ብቻ ከራውተሩ ንቀሉት። ጨዋታው ይቀጥላል።

ታዲያ ፓኬጅ የሚበላው ምንድን ነው?
👉 ኦንላይን ከሌላ ሰው ጋር መጫወት (ይህ በአንጻሩ ትንሽ ነው)
👉 ጌሙን ማውረድ እና አፕዴት ማድረግ። ትልቁ ይህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ፓኬጁ ባንድ ሌሊት አልቆበት «ቲቪው ነው የጨረሰው» ሲል ነበር። ለካስ ላፕቶፑን ክፍት አድርጎ ተኝቶ ጌሙ አፕዴት ሲያወርድ አድሯል። ስቲም ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ገብታችሁ አፕዴቱን ገድቡ፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዋይፋያችሁን «ሚተርድ» አድርጉት።
👉 እንደ ጂፎርስ ናው ያሉ የክላውድ አገልግሎቶች። እነዚህ ጌሙን የሚያጫውቱት ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ደቂቃ ከኢንተርኔታችሁ ይቆረጣል። ጂፎርስ ናው ለ1080ፒ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል። ሁለቱን አታምታቱ።

🔹 ምን ያስፈልጋል?

ጌሙን በደንብ የሚያጫውት ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ፣ ራውተር፣ ጆይስቲክ እና ፕሌይ ስቶር ያለው ስማርት ቲቪ። ቲቪው ስማርት ካልሆነ የአንድሮይድ ቲቪ ሳጥን ይሰካበታል።

ቫልቭ በ2015 ስቲም ሊንክ የሚባል ራሱን የቻለ ሳጥን በ50 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ2018 ምርቱን አቁሞ በነፃ አፕ ተክቶታል። ስለዚህ ያገለገለውን ሳጥን ካልገዛሁ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

🔹 አጀማመር፦ በስቲም ሊንክ

1. ላፕቶፑ ላይ ስቲምን ክፈቱ፤ ሴቲንግ ውስጥ «ሪሞት ፕሌይ» የሚለውን አብሩት።
2. ቲቪው ላይ ስቲም ሊንክን ጫኑ።
3. ሁለቱንም አንድ ራውተር ላይ አገናኙ። የላፕቶፑ ስም ቲቪው ላይ ይመጣል።
4. ቲቪው የሚያሳያችሁን ቁጥር ላፕቶፑ ላይ አስገቡ። አለቀ።

🔹 አጀማመር፦ በሰንሻይን እና ሙንላይት

ስቲም ውስጥ የሌለ ጌም ካላችሁ ይህ ይሻላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አካውንትም አይጠይቁም። ሰንሻይን ላፕቶፑ ላይ፣ ሙንላይት ቲቪው ላይ ይጫናል። ሙንላይት ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ እሱን በሰንሻይን ገጽ ላይ ታስገባላችሁ። የድሮ ቪዲዮዎች ላይ «ጌምስትሪም» ሲባል ከሰማችሁ፣ ያ የኤንቪዲያ አገልግሎት በ2023 መቋረጥ ጀምሯል፤ ዛሬ ቦታውን የያዘው ሰንሻይን ነው።

🔹 ጆይስቲኩ የት ይገናኝ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጆይስቲኩ የሚገናኘው ከቲቪው (ወይም ከሳጥኑ) ጋር ነው፤ ሌላ ክፍል ካለው ላፕቶፕ ጋር አይደለም። በብሉቱዝ ካልሆነ በዩኤስቢ ኬብል ቲቪው ላይ መሰካት ይቻላል።

👉 የፕሌይስቴሽን 4፦ «ሼር» እና «ፒኤስ» ቁልፎችን አንድ ላይ፣ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም እስኪል ያዟቸው።
👉 የፕሌይስቴሽን 5፦ «ክሪኤት» እና «ፒኤስ»።
👉 የኤክስቦክስ፦ ከላይ በኩል ያለችውን ትንሽ ክብ ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ።

ያገለገለ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ከ2016 በፊት የወጡት የኤክስቦክስ ዋን ጆይስቲኮች ብሉቱዝ የላቸውም። መለያው ቀላል ነው፦ በኤክስቦክስ ምልክቱ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ከፊቱ ገጽ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው፤ ከላይኞቹ ቁልፎች ፕላስቲክ ጋር ተያይዞ ከሆነ የለውም። የየትኛውንም ጆይስቲክ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ከስልካችሁ ብሉቱዝ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩት።

🔹 ሲንቀራፈፍ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ

1. ቲቪው ላይ «ጌም ሞድ» አብሩ። ቲቪ ምስል ለማሳመር ሲሞክር ጊዜ ይወስዳል፤ ጌም ሞድ ያንን ይቀንሰዋል። እኛም መጀመሪያ ስንሞክር ራውተሩን ስንረግም ውለን ችግሩ ይህች አንድ ሴቲንግ ሆና ተገኘች።
2. ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ሁለቱም በዋይፋይ ከሆኑ አየሩን ይሻማሉ፤ አንዱ እንኳን በኬብል ሲሆን ልዩነቱ ይታያል።
3. ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ከጆይስቲኩ ብሉቱዝ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሚሰራ ይረባበሻሉ።
4. አሁንም ከተቆራረጠ ጥራቱን ወደ 720ፒ፣ ፍጥነቱን ወደ 10 ሜጋቢት አውርዱት። ጥርት ብሎ ከሚዘገይ ጌም ትንሽ ደብዝዞ ቶሎ የሚታዘዝ ይሻላል።
5. ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩት። በባትሪ ሲሆን ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ ይቀዘቅዛሉ።

🔹 ይህ ሁሉ የማያስፈልግበት ጊዜ

ላፕቶፑና ቲቪው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ኤችዲኤምአይ ኬብል ግዙና ተገላገሉ። ራውተር አይፈልግም፣ ምስል ማመቅ የለም፣ መዘግየቱ ከማንኛውም አፕ ያነሰ ነው። ጆይስቲኩም ቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል። ማስተላለፍ የሚጠቅመው ኮምፒውተሩ መኝታ ቤት፣ ቲቪው ሳሎን ሲሆን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ መብራት ሲጠፋ ቲቪውና ራውተሩ ቢጠፉም ላፕቶፑ በባትሪው ጌሙን ክፍት አድርጎ ሊቆይ ይችላል። ሄዳችሁ ሴቭ አድርጉት፤ ባትሪው ካለቀ የደከማችሁበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ያልገባችሁ ካለ የቲቪያችሁንና የጆይስቲካችሁን ዓይነት ጽፋችሁ ኮሜንት ላይ ጠይቁን። ጆይስቲክ ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።