ከፈርስት ስትሪት እስከ ቶራንስ፦ የሎስ አንጀለስ የጃፓን ማዕድ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ሱሺ» የሚል ጽሑፍ የማይታይበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ሱፐርማርኬቶች እንኳ በፕላስቲክ አሽገው ይሸጡታል። ምርጦቹ የጃፓን ምግብ ቤቶች ግን በከተማዋ ላይ እንደ ነገሩ የተበተኑ አይደሉም። አንዱን ሰፈር አትክልተኞች፣ ሌላውን የመኪና ኩባንያ ሠራተኞች፣ ሌላውን ደግሞ የሆሊውድ ተዋንያን አቅንተውታል። ጥሩ ማዕድ የሚፈልግ ሰው ጃፓናውያኑ የት ሰፍረው እንደ ነበርና ለምን እዚያ እንደ ሰፈሩ ካወቀ ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

መነሻው ከመሃል ከተማው ብዙም የማይርቀው ፈርስት ስትሪት ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃማኖሱኬ ሺጌታ የተባለ የቀድሞ መርከበኛ «ካሜ» የሚል ምግብ ቤት እዚያ ከፈተ። የሚያቀርበው የአሜሪካውያንን ምግብ ቢሆንም ዛሬ ሊትል ቶኪዮ የሚባለው ሰፈር የተቆረቆረው በእርሱ ዙሪያ ነው። በ1903 ደግሞ ፉጌትሱ-ዶ የተባለው የሩዝ ጣፋጭ ቤት ተከፈተ። ይህ ቤት ዛሬም አለ፤ የሚያስተዳድረውም ያው ቤተሰብ ነው።

ቤቱ እስካሁን መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ከጃፓን ጋር በምትዋጋበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ፌብሯሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መነሻነት 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ ወደ ታጠሩ ካምፖች ተጋዙ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ሊትል ቶኪዮ ባዶ ሲቀር ለጦር ፋብሪካ ሥራ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ገቡበትና «ብሮንዝቪል» ተባለ። የፉጌትሱ-ዶ ባለቤቶች ዋዮሚንግ ወደሚገኘው ሃርት ማውንቴን ካምፕ ተወሰዱ። እስረኞቹ ከስኳር ራሽናቸው ቀንሰው ያመጡላቸው ነበር፤ እነርሱም በእጃቸው ባለው ነገር ጣፋጩን ይሠሩላቸው ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ሱቃቸውን እንደገና ከፈቱ። የዚህን ሰፈር ምግብ የሚቀምስ ሰው ይህን ታሪክ አብሮ ቢያውቀው መልካም ነው።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ አሜሪካውያን የጃፓን ምግብ ብለው የሚያውቁት ሱኪያኪና ቴምፑራ የመሳሰሉትን፣ እሳት የነካቸውን ምግቦች ነበር። ነገሩን የለወጠው ምግብ አብሳይ ሳይሆን ነጋዴ ነው። የጃፓን ሸቀጥ የሚያስመጣው የሙችዋል ትሬዲንግ ኩባንያ ሰው ኖሪቶሺ ካናይ፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን አዲስ ነገር ፍለጋ ሃሪ ዎልፍ ከተባለ አሜሪካዊ ሸሪኩ ጋር ወደ ጃፓን ሄደ። ካናይ ጥሬ ዓሣ ከሩዝ ጋር ወደሚቀርብበት ሱሺ ቤት ይዞት ሲገባ ዎልፍ በጣዕሙ ተማረከ፤ በየቀኑም ይመላለስበት ጀመር። ካናይ የሚፈልገውን አገኘ። ወደ ሎስ አንጀለስ ተመልሶ የካዋፉኩ ምግብ ቤትን ባለቤት አሳመነና በ1960ዎቹ አጋማሽ ሊትል ቶኪዮ ውስጥ የሱሺ ባንኮኒ ተከፈተ። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሺጌዎ ሳይቶ የተባለ ባለሙያ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ለሥራ የመጡ ጃፓናውያን ነበሩ፤ ቀስ በቀስ አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እያጣቀሰ ላደገ ኢትዮጵያዊ ጥሬ ዓሣ ያን ያህል አያስደነግጠውም ይሆናል። በዘመኑ ለነበረው አሜሪካዊ ግን ትልቅ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ድፍረቱን ያቀለለው አቮካዶ ነው። ቶኪዮ ካይካን በተባለው ምግብ ቤት ይሠራ የነበረው ኢቺሮ ማሺታ፣ ሥብ የበዛበት የቱና የሆድ ሥጋ ዓመቱን ሙሉ ስለማይገኝ በምትኩ የካሊፎርኒያን አቮካዶ ከሸርጣን ሥጋ ጋር አዋሕዶ በሩዝ ጠቀለለው ይባላል። «ካሊፎርኒያ ሮል» የተባለውን ይህን ጥቅል የፈጠርኩት እኔ ነኝ የሚል ሌላ ባለሙያ ቫንኩቨር ውስጥ አለ፤ የብዙዎቹ ምስክርነት ግን ለማሺታ ነው። አጥባቂዎች ዛሬም ይንቁታል። ንቀቱ አይገባም። ማሺታ የጎደለውን ቅባት በሚኖርበት ምድር ፍሬ ተክቷል፤ ይህም የጥሩ አብሳይ ብልሃት ነው።

በ1970 ኦሾ የተባለ ሱሺ ቤት ከሊትል ቶኪዮ ወጥቶ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ስቱዲዮ አጠገብ ተከፈተ። ተዋናዩ ዩል ብሪነር ደንበኛው ሆነ። በ1980 «ሾገን» የተባለው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲታይ የጃፓን ነገር ሁሉ ተወደደ። ኖቡ ማትሱሂሳ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ምግብ ቤቱን ሲከፍት መንገዱ ተጠርጎ ነበር። እርሱ ቀደም ሲል ፔሩ ሠርቷልና በጥሬ ዓሣው ላይ ቃሪያ፣ ድንብላልና ሎሚ ጨመረበት። ሮበርት ደ ኒሮ አዘውትሮ ሲመጣ ከቆየ በኋላ ሸሪኩ ሆነ፤ ኒው ዮርክ ላይ በ1994 የከፈቱት «ኖቡ» ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው።

ከሆሊውድ ብርሃን ርቆ ያደገው ማዕድ ግን ይበልጥ ይጣፍጣል። ቶዮታ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ያለችው ቶራንስ ነበር፤ ሆንዳም እዚያው ሰፍሯል። ከጃፓን ተመድበው የመጡት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ሲኖሩ የሚፈልጉት የአገር ቤቱን የአዘቦት ምግብ ነበር፦ ራመንና ሶባ የተባሉት ኑድሎች፣ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ። ቶራንስና ጎረቤቷ ጋርዲና ውስጥ፣ በልብስ ንጽሕና ቤትና በጥርስ ክሊኒክ መሃል የተሸጎጡት ጠባብ ቤቶች የእነርሱ ውርስ ናቸው። ቶዮታ በ2017 ወደ ቴክሳስ ጠቅልሎ ሲሄድም ቶራንስ የጃፓናውያን ከተማነቷን አልተወችም።

ሶቴል የሚባለው ሰፈር ደግሞ የአትክልተኞች ነው። የምዕራቡን ክፍል ባለጸጎች ግቢ የሚንከባከቡት ጃፓናውያን በብዙ ሰፈሮች ቤት እንዳይገዙ ስለሚከለከሉ እዚያ ተሰባሰቡ። ዛሬ የራመን ወዳጆች የሚሰለፉት በእነዚሁ ሰዎች ጎዳና ላይ ነው፤ ትሱጂታ የተባለው ታዋቂ የቶኪዮ ራመን ቤት በ2011 አሜሪካ ሲገባ የመረጠው ሶቴልን ነው።

በዚያው ዓመት ኒኪ ናካያማ «ኤን ናካ»ን ከፈተች። ሎስ አንጀለስ የተወለደችው ይህች ሴት የምታቀርበው ወቅቱን እየተከተለ በትንንሽ ሳህን የሚፈራረቀውን ካይሴኪ ነው። ወላጆቿ የባሕር ምግብ በጅምላ የሚነግዱ ነበሩ። በ2019 ሁለት የሚሽላን ኮከብ አገኘች።

ሊትል ቶኪዮ ግን ዛሬ በኪራይ ንረት እየተጨነቀ ነው። በ2024 የአሜሪካ ቅርስ ጥበቃ ብሔራዊ ተቋም አደጋ ካንዣበበባቸው 11 ታሪካዊ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ከ1972 ጀምሮ የሠራው ሱዌሂሮ ካፌም በዚያው ዓመት ፈርስት ስትሪትን ለቆ ወጥቷል። አሁን ደንበኞቹን የሚያስተናግደው ሜይን ስትሪት ላይ ነው።