ጥር 23 በእንጅባራ፦ የአገው ፈረሰኞች በዓል ምንድን ነው?

በየዓመቱ ጥር 23 ሲደርስ ስልካችን በፈረስ ቪዲዮ ይጥለቀለቃል። ላይክ አድርገን እናልፋለን እንጂ «ይሄ በዓል ከየት መጣ?» ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። እዚሁ ደብረ ኤልያስ ተቀምጠን የጎረቤቶቻችንን በዓል አለማወቅ ስለከበደን፣ ዋና ዋናውን ሰብስበናል።

የት ነው የሚከበረው?
በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ። ትልልቅ ሰዎች ኮሶበር ይሏታል። ከደብረ ማርቆስ የባሕር ዳሩን አስፋልት ይዛችሁ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ስታልፉ ታገኟታላችሁ።

ማን ያዘጋጀዋል?
የአገው ፈረሰኞች ማኅበር። የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ! ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም፤ ነፃነት የተመለሰው በ1933 ነው። ማኅበሩ የቆመው ደግሞ የዓድዋን ድል ለማሰብ ነው። ጠላት አገር ውስጥ እያለ ጠላት የተሸነፈበትን ቀን ማሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ አባላቱ ከ50 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል።

ለምን ፈረስ?
ዓድዋ ላይ የዘመተው ሰው ብቻ አይደለም። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እየተመራ ሲሄድ ፈረስና በቅሎም አብረው ዘምተዋል። በዓሉ የእነሱም መታሰቢያ ነው። ደግሞ አዊ ውስጥ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፦ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል። ሌላው ጋ በበሬ የሚታረሰውን መሬት እዚያ በፈረስ ሲያርሱ ታያላችሁ።

ለምን ጥር 23?
በየወሩ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ሰማዕቱ በሥዕል ሁሉ በነጭ ፈረስ ላይ ነው። የዓድዋ ጦርነትም የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው።

ምን ይታያል?
ፈረሶቹ በግላስና በልጓም አጊጠው በሰልፍ ያልፋሉ። ከዚያ ግልቢያው፣ ስግሪያውና ጉግሱ ይቀጥላል። ግልቢያ የፍጥነት ነው። ስግሪያ ላይ ግን የሚታየው ፍጥነቱ ሳይሆን የአረማመዱ ውበት ነው። ጉግስ ጦርነት የሚመስል ጨዋታ ነው፦ አንዱ ወገን እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ እየመከተ ያመልጣል።

ሌላው ዓለምስ?
አይሪሾች በየዓመቱ መጋቢት 8 የቅዱስ ፓትሪክን ቀን አረንጓዴ ለብሰው በሰልፍ ያከብራሉ። የኒውዮርኩ ሰልፍ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1762 ነው፤ አሜሪካ ራሷ ነፃ አገር ከመሆኗ በፊት ማለት ነው። ከአገሩ የራቀ ሕዝብ ማንነቱን ጎዳና ላይ አውጥቶ አቆየው። የአገው በዓል ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለው። አረንጓዴ ቲሸርት ሱቅ ይገዛል፤ ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቀለባል።

ታዲያ ስጋቱ ምንድን ነው?
ስጋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭነቱን ባጃጅና አይሱዙ እየወሰዱት ነው። የግጦሽ ሜዳ እየጠበበ ነው። ፋግታ ለኮማ አካባቢ ብዙ ገበሬ ማሳው ላይ ዲከረንስ ተክሎ ለከሰል ይሸጣል፤ ገቢው ጥሩ ስለሆነ አንፈርድበትም። ብቻ ሰልፉን የሚያቆየው መድረክ ወይም ስፖንሰር አይደለም። በየቤቱ ፈረስ የሚቀልብ ሰው ከሌለ ጥር 23 ቪዲዮ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለመሄድ ያሰባችሁ
መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እዚያ ስትደርሱ ፈረስ ኋላ አትቁሙ። ለሰልፊ ብላችሁ ጉግስ ሜዳ አትግቡ፤ የሚጋልብ ፈረስ ፍሬን የለውም!

መሄድ ላልቻላችሁ
የፈረስ ስም የእኛም ባህል ነው። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። የእናንተስ አያት ወይም ቅድመ አያት? ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁና ጻፉልን። እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን የለም።