ቮልስዋገን ቢትል በጎጃም መንገድ

በኢትዮጵያ ቮልስ እየተባለ የሚጠራው ይህ የጀርመን መኪና ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሚነዳ ሲሆን፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥቷል። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቹ ግን ዛሬም አድሰው፣ ቀለም ቀብተው፣ ተሰባስበው ይነዱታል።

ለእንዲህ ያለ የጋራ ጉዞ ከአባይ በረሃ የተሻለ ፈተና የለም። የጉዞው መድረሻ ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ይሻገርና ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱ ማርሽ ቀንሶ የሚወረድ ነው፤ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ነጂ ሸራውን ያግላል፣ መኪናውም አልቆም ይለዋል።

በዳገቱ ነገሩ ሁሉ ቺንጋው ላይ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አንዲት ቺንጋ ዲናሞውንም ማቀዝቀዣውንም ታዞራለች። ስትበጠስ ቀይ መብራት ይበራል፤ ነጂው ወዲያው ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻ ሳይይዙ አባይን መሻገር ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው። የ1960ዎቹ ባለ 1,200 ሞተር ጉልበቱ 34 ፈረስ ብቻ ነው፤ በደጋው ስስ አየር ደግሞ ሩብ ያህሉን ያጣል። በቡድን ሲጓዙ ደካማውን መኪና ከፊት ማስቀደም ይበጃል፤ ከደጀን ወዲያ ሜዳው ሲመጣ እሱም ይፈጥናል።