ጀልባን የሚይዛት ምንድን ነው? ከዘይላ ወደብ እስከ ሐረር ገበያ

ድሬ ጠያራ የሐረሪ ክልል ወረዳ ነው። ስሙን ከኦሮምኛ ስትፈቱት «የአውሮፕላን ሜዳ» ማለት ነው። ስለዚህ ስለ አውሮፕላን ብናወራ ማንም አይገረምም። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ጀልባ ነው፤ ያውም ጀልባ ስለምትታሰርበት ብረት። «ባሕር በሌለበት?» ለምትሉን መልስ አለን፦ ሐረር የባሕር ዳር ከተማ ሳትሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ከባሕር ጋር ታስራ ኖራለች።

መጀመሪያ ስለ ብረቱ። ሸራ ባላት ጀልባ ወለል ላይ ሁለት ቀንድ ያለው አጭር ብረት አለ፤ ክሊት ይሉታል። ጀልባዋ ወደብ ስትደርስ ገመዱ በቀንዶቹ ዙሪያ እንደ 8 ቁጥር ይጠመጠምና ትታሰራለች። አንድ ሰው ጀልባ ገዝቶ ክሊት መግጠም ቢያምረው፣ በትራፓኖ ቀዳድቶ በቪቴ ብቻ ወለሉ ላይ ቢያጣብቀው ከላይ ሲያዩት ያምራል። ማዕበል የመጣ ቀን ግን ቪቴው ከነእንጨቱ ተነቅሎ ይወጣል። ትክክለኛው አገጣጠም ሌላ ነው፦ ቡሎን ወለሉን በስቶ ያልፋል፤ ከሥር ጉልበቱን የሚያከፋፍል ሰፊ ሳህን ይደረግለታል፤ ከዚያ በሮንዴላና በዳዶ ይጠበቃል። ቀዳዳውም ውሃ በማያስገባ ማጣበቂያ ይደፈናል፤ አለዚያ ውሃ እየሰረገ ወለሉን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። በአጭሩ፣ ጀልባዋን የሚይዛት የሚታየው ብረት ሳይሆን ከሥሩ ያለው ድጋፍ ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንግባ።

የሐረር የባሕር በር በዋናነት ዘይላ ነበረች። ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዘመን ዘይላ ሲደርስ ገበያዋ ትልቅ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን የዓሣውና የሚታረደው ግመል ደም ሽታ ስላስመረረው፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ሌሊቱን መርከብ ላይ ማሳለፍን መረጠ። ይኸው መንገደኛ የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ሳንቃ በሚስማር ሳይሆን በኮኮናት ቃጫ ገመድ ተሰፍቶ እንደሚሠራ ጽፏል። የተሰፋው መርከብ ድንጋይ ሲመታ እጅ ይሰጣል እንጂ እንደተቸነከረው አይሰበርም። ገመድ እዚያ ማሰሪያ ብቻ ሳይሆን የመርከቡ ጅማት ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1854 መጨረሻ ከዓደን በባሕር ዘይላ ደረሰ። ሐረር የገባው ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ነው። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በግመል ይጀመራል። ጊልዴሳ ላይ የቆላው ግመል ጭነቱን ያራግፍና በቅሎና አህያ ወደ ደጋው ይወጣሉ። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያው መንገድ ሰዎችም ለባርነት ተሸጠዋል፤ ይህንንም መዝለል አንፈልግም።

ልብ በሉ፤ የዘይላ ባለቤቶች በየጊዜው ተቀያይረዋል። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1875 ዘይላንም ሐረርንም ያዙ። በ1884 እንግሊዞች ዘይላን ተረከቡ፤ በ1885 ግብፆች ሐረርን ለቀቁ። በጃንዋሪ 1887 ደግሞ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ባንዲራው ተለዋወጠ፤ መርከቡ ግን መታሰሩን አላቆመም። ለምን? ከሥር የሚይዘው ቡናው፣ ግመሉ፣ ነጋዴውና ገበያው ስለነበሩ።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ዳገት ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ማንም ዘይላን አላቃጠለም፤ ማንም ወደቧን አልዘጋም። ጭነቱ ግን ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የጊልዴሳም የጭነት መቀያየሪያነት ተቀዛቀዘ። ብረቱ እዚያው እንዳለ የሥሩ ሳህን ወለቀ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያወራነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ2023 ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ የካፌ ወሬ ሆኗል። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረምማ፣ ካርታ ያልዘረጋ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ሁሉ «ወደቡን ማን ይይዘዋል?» የሚል ነው። ጥያቄውን አንንቀውም፤ ወደብ የሌለው አገር ሕዝብ ነን። የሐረር ታሪክ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ያስጨምረናል፦ ገመዱን ስንጥል ከሥር የሚይዘው ምንድን ነው? የምንጭነው ምርት፣ የሚያደርሰው መንገድ፣ በመንገዱ ዳር ከሚኖረው ሕዝብ ጋር ያለን መተማመን?

ያ ከሌለ የያዝነው የሚያምር ብረት ብቻ ነው። ማዕበሉ የመጣ ቀን ከነወለሉ ይዞን ይሄዳል።

ቸር እንሰንብት።